ሁሉም ሐቀኛ የሆነበት መጠይቅ፦ አንድ የአካውንቲንግ መምህር በደሴና በኮምቦልቻ ያካሄዱት የሙያ ሥነ ምግባር ጥናት

መነሻ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል፣ ለደረጃ ዕድገት ይቀርባል፣ እንኳን ደስ ያለዎት ያስብላል። ሊታተም ተቃርቦ ጸሐፊው ራሱ ያስመለሰው ጽሑፍ ግን የትም አይመዘገብም። እዚህ የምመዘግበው እንዲህ ያለውን አንድ ጽሑፍና ከእሱ በኋላ የሆነውን ነው። ባለቤቱ ደሴ ከሚገኙት ተቋማት በአንዱ አካውንቲንግ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። እኔ በወቅቱ በዚያው ትምህርት ክፍል ጀማሪ ነበርኩ፤ መረጃ በመሰብሰብም ረድቻቸዋለሁ። በጉዳዩ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች አንዱ፣ ምናልባትም ትልቁ፣ የእኔ ነው።

የማንንም ስም አልጠቅስም፤ ሰዎቹንና ድርጅቶቹን የሚያስለዩ ዝርዝሮችን ትቻለሁ። መምህሩ ረቂቁን አንብበው አንድ ነገር ብቻ እንዳስተካክል ጠይቀዋል፦ እኔ ከጻፍኩት ይልቅ ፈሪ እንደነበሩ እንዲጻፍላቸው። እንዳሉት አድርጌአለሁ።

የመምህሩ መንገድ

መምህሩ ሂሳብ መያዝ የጀመሩት ሰኞ ገበያ አጠገብ በነበረው የአጎታቸው ሱቅ፣ የዱቤ መዝገብ ላይ ነው። አጎትየው ብዙ ትምህርት የላቸውም፤ አንድ ደንብ ግን ነበራቸው፤ ባለዕዳው ቆሞ ሳያይ ምንም አይጻፍም። ልጁ ማታ አስታውሶ ሊጽፍ ሲል "ነገ ሲመጣ" ይሉት ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት የኦዲት ሥራ። በዚያ ሥራ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል አለቃቸው ያልታዩ ደረሰኞችን እንዳየ ሰው ቲክ እንዲያደርጉ አዘዟቸው፤ አደረጉ። ስንት ደረሰኝ እንደነበር እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ፤ ለእኔ ግን ነግረውኝ አያውቁም። ቀሪው የታወቀው የመምህርነት መሰላል ነው፤ ረዳት ምሩቅ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ሦስተኛ ዲግሪ።

ወደ ሥነ ምግባር ጥናት የገቡት በማስተማር በኩል ነው። በኦዲት ኮርስ ውስጥ ሥነ ምግባር የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ሴሚስተሩ ሁልጊዜ ያጥራል፤ የሚቆረጠውም ሁልጊዜ መጨረሻው ነው። የአሜሪካው የኤንሮን ኩባንያ በሂሳብ ማጭበርበር ምክንያት በ2001 እ.ኤ.አ. ወድቆ፣ የሂሳብ መዝገቡን ይመረምር የነበረው ስመ ጥሩው የኦዲት ድርጅት አርተር አንደርሰን በዓመቱ ከሥራ ከወጣ በኋላ የውጭዎቹ የትምህርት መጻሕፍት ይህን ምዕራፍ አወፍረውታል። እኛ ዘንድ ግን የወፈረው ምዕራፍ መቆረጡ ቀጠለ። ተመራቂዎች ዕዳና ሀብት ማመጣጠን ችለው ይወጣሉ፤ አለቃ "ይህችን ዝለላት" ሲል ምን እንደሚሉ ግን አንድም ሰዓት ሳይለማመዱ።

በአገራችን ደግሞ የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም በደንብ ቁጥር 332/2007 ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ የሚያዛቸው አምስት መሠረታዊ መርሆች፣ ማለትም ሐቀኝነት፣ ለማንም አለማድላት፣ ሙያዊ ብቃትና ጥንቃቄ፣ ምስጢር ጠባቂነትና ሙያዊ ጠባይ፣ በሥልጠና አዳራሾች ግድግዳ ላይ መታየት ጀመሩ። መምህሩ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር መዝገቡ ላይ አለ ወይ?

ያነሣሣቸው አንድ የቆየ ጥናት ነው። ሎረንስ ፖኔሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ በኦዲት ድርጅቶች ውስጥ የከፍተኛ ኃላፊዎቹ የግብረ ገብ አስተሳሰብ ነጥብ ከእነሱ በታች ካሉት ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። ዕድሜና ሹመት ሰውን ያበስለዋል ብሎ ላደገ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። እኛም ጋ እንዲህ ይሆን? ብለው ተነሡ።

ችግሩ

የመጀመሪያው ዙር የተለመደ መጠይቅ ነበር፤ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" የሚደርሱ አምስት ምርጫዎች ያሉት። ከደሴም ከኮምቦልቻም የግል ድርጅቶችን መረጥን። ኮምቦልቻ በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙም የማይርቅ፣ ፋብሪካውም መጋዘኑም ደረቅ ወደቡም ያለበት ከተማ በመሆኑ የሂሳብ ሠራተኛ አይጠፋበትም። በሐረጎ ዳገት እየወጣሁ እየወረድኩ ወረቀቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን አሳውቀው የሚጨርሱበት የመጨረሻ ወር መሆኑን እያወቅን የራሳችንን የጊዜ ሰሌዳ አስቀደምን። ሠራተኞቹ ቀና ብለው ለማየት እንኳ ጊዜ ስላልነበራቸው አመቺ መስሎ የታየኝን አደረግኩ፤ ወረቀቶቹን ለየፋይናንስ ኃላፊው ሰጥቼ "ሲሞሉ ሰብስበው ያቆዩልኝ" አልኩ። በሳምንቱ ሁሉም ተሞልቶ፣ በፖስታ ታሽጎ ጠበቀኝ። በደስታ ተመለስኩ።

ውጤቱ አማረ። ሁሉም ማለት ይቻላል ሐቀኛ ነው። ማንም አለቃውን ፈርቶ ቁጥር አይቀይርም፣ ማንም ያላየውን ሰነድ አይፈርምም። ክሮንባክ አልፋ የተባለው፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን የሚለካው ስሌት ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ወጣ። ያ ስሌት መልሶቹ መስማማታቸውን እንጂ እውነት መሆናቸውን እንደማይለካ ሁለታችንም ለተማሪ እናስተምራለን። ግን ማን ያስታውሳል እንዲህ ባለ ቀን?

ጽሑፉ ተጻፈ፣ ተላከ፣ ተቀባይነት አገኘ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያስፈልጋቸው የመጨረሻው ጽሑፍ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዋናዎቹን ወረቀቶች ለማኅደር ሲያደራጁ፣ ከአንዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈች መስመር አገኙ፦ "ይህን ወረቀት የሚሰበስበው አለቃዬ ነው።" ያንን ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። መስመሯንም አይቻት ነበር። ለእርሳስ ጽሑፍ የተሰጠ ዓምድ ስላልነበረኝ አለፍኳት።

መምህሩ ያንኑ ሌሊት ጽሑፉን አላስመለሱም። ወር ገደማ ይዘውት ቆዩ፤ ፈሪ ነበርኩ በል ያሉኝ ይህን ነው። በልባቸው ያሰሉትንም ነግረውኛል፤ ደመወዙ፣ ማዕረጉ፣ ለልጆቻቸው የሚከፍሉት። ጽሑፉ ውሸት የለበትም፤ ሰዎቹ የመለሱትን ነው የዘገበው ብለውም ራሳቸውን አሳምነው ነበር። ያሳፈራቸው ርእሱ ነው፤ ስለ ሐቀኝነት የተጻፈ ጽሑፍ መሆኑ። በመጨረሻ ለጆርናሉ አዘጋጅ መረጃው የተሰበሰበበት መንገድ የሚታመን እንዳልሆነ ጽፈው አስመለሱት። በትምህርት ክፍሉ አንድ ባልደረባቸው "አንተ ብቻ ነህ ንጹሕ?" አላቸው። እሳቸውም የኦዲቱን ቲክ ነገሩት።

የተሞከሩ መንገዶች

የመጀመሪያው ሙከራ የውጭውን መለኪያ ተርጉሞ መጠቀም ነበር። ጄምስ ሬስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የግብረ ገብ አስተሳሰብ ፈተና ሰዎች አጣብቂኝ ያለባቸውን ታሪኮች አንብበው የትኛው ነጥብ ለውሳኔ እንደሚያመዝን እንዲመርጡ ያደርጋል። ከታሪኮቹ አንዱ ከሎረንስ ኮልበርግ የመጣው የሄንዝ ታሪክ ነው፤ ሚስቱ በካንሰር ልትሞት ነው፣ መድኃኒት ቀማሚው ከአቅሙ በላይ ጠይቆታል፣ ተበድሮም ግማሹን ብቻ አግኝቷል፤ ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?

ትርጉሙን ለጥቂት የሂሳብ ሠራተኞች አነበብንላቸው። ያገኘነው መልስ በምርጫዎቹ ውስጥ የለም። "ሽማግሌ ልኮበታል?" አለ አንዱ። "ለእድሩ ለምን አልተናገረም?" አለች ሌላዋ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚው የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ እናት አባቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቀ፤ በእናቱ በኩል ሊለመን ነው። ፈተናው እነዚህን ሰዎች ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣቸዋል። እኔ ግን ከሄንዝ የተሻለ ዘዴ ያላቸው መሰለኝ። መለኪያውን ተውነው።

ሁለተኛው የሳንቲም ዘዴ ነው። መሠረቱን የጣለው ስታንሊ ዋርነር በ1965 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ መልክ ይሠራበታል። እኛ የተጠቀምንበት እንዲህ ነው። ተጠያቂው ለብቻው ሆኖ የአንድ ብር ሳንቲም ይጥላል፤ ዘውድና ጎፈር እንደሚጫወት ልጅ። አንበሳው ከወጣ ምንም ይሁን ምን "አዎ" ይላል፤ ሚዛኑ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። "አዎ" ሲል ሳንቲሙ ይሁን እሱ የተናገረው ማንም አያውቅም። ለምሳሌ ከ100 ሰዎች 70 "አዎ" ቢሉ፣ 50 ያህሉ የሳንቲሙ ናቸው፤ ከቀሩት 50 ውስጥ 20ው እውነተኛ "አዎ" ነው፤ ይህም ከመቶ 40 ማለት ነው። ማንም ሳይጋለጥ የጠቅላላው መጠን ይታወቃል።

በወረቀት ላይ የሚያኮራ ዘዴ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሁለት ነገር አደናቀፈው። አንዳንዶች ሳንቲም መጣሉን ከቁማር ቆጠሩት፤ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም። ሌሎች ደግሞ "ያላደረግኩትን አድርጌአለሁ ልበል?" አሉ። ስለ ሐቀኝነት ለማጥናት ሐቀኛውን ሰው ዋሽ ማለታችን እንደሆነ ያሳዩን እነሱ ናቸው። አንድ የኮምቦልቻ አዛውንት የሂሳብ ሹም ሳንቲሙን በሁለት ጣታቸው ወደ መምህሩ መልሰው ገፍተው፣ "ልጄ፣ እኔን ጠይቀኝ እንጂ እሱን አታስጥለኝ" አሏቸው። መምህሩም ጠየቋቸው፤ አዛውንቱም ብዙ ነገሩ። ያ ቃለ ምልልስ ከሳንቲሙ ዙር ሁሉ የበለጠ ጠቅሟል።

ከዚያ በኋላ የተሻለው የዝርዝር ዘዴ መጣ። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለአንዱ ወገን አራት የማያሳፍሩ ነገሮች ይሰጡታል፤ ሂሳብ ለመዝጋት አድሬአለሁ፣ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ አልገጥም ብሎኝ ከአንድ ቀን በላይ ፈልጌአለሁ፣ የመሳሰሉት። ለሌላው ወገን እነዚያው አራቱ ከአንድ አምስተኛ ጋር ይሰጡታል፦ ሸቀጥ እንዳልተገዛበት እያወቅኩ የግዥ ደረሰኝ መዝግቤአለሁ። ሁሉም የሚናገረው የትኞቹን ሳይሆን ስንቱን እንዳደረገ ብቻ ነው። የአንዱ ወገን አማካይ 2.1፣ የሌላው 2.4 ቢሆን፣ ልዩነቱ 0.3 ከአሥር ሰው ሦስቱ አምስተኛውን አድርገዋል ማለት ነው። ማንም አይዋሽም፣ ማንም "አዎ" አይልም፣ ሳንቲምም የለም።

ደረሰኙን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ በሽያጭ ከተሰበሰበው ላይ በግዥ የተከፈለው ይቀነሳል። ስለዚህ ሸቀጥ የሌለው የግዥ ደረሰኝ ራሱ ገንዘብ ነው። ነጋዴው ያመጣዋል፤ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ ወጣት፣ በወር ደመወዝ የሚኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነው።

የጠፋው መሳቢያ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መምህሩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ። ላፕቶፑን ያዙ፣ ወረቀቱን ተዉ። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ሲመለሱ የቢሮው በር ተሰብሯል፣ መሳቢያዎቹ የሉም። በአንደኛው ውስጥ የቃለ ምልልሱ ማስታወሻዎች ነበሩ፤ ከሰዎቹ ስም ይልቅ በቁጥር የተጻፉ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚነግረው ዝርዝር ደግሞ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከማስታወሻዎቹ ሥር ነበር።

መክፈቻውን በራሱ ላይ አንጠልጥሎ የሚቆለፍ ሳጥን ማለት ይህ ነው። ለዓመታት የምስጢር ጠባቂነትን መርህ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ማንም እንደተጠቀመበት ምልክት አላገኘንም፤ ምናልባት ለማገዶ ሆኗል። መምህሩ ግን በዝርዝሩ ላይ የነበሩትን እያፈላለጉ አንድ በአንድ ነገሯቸው። አንዷ "ቤቴ ተዘርፎ እርስዎ ስለ ወረቀት ይነግሩኛል?" ብላ ሳቀች። አንዱ ግን ተቆጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። ልክ ነው።

ጦርነቱ ለጥናቱ ያልጠበቅነውን ጥያቄም አመጣ። ብዙ ነጋዴ መዝገቡና ደረሰኙ ጠፍቶበት ነበር። የሂሳብ ሠራተኞች ከባንክ መግለጫ፣ ከአቅራቢዎች ቅጂና ከትዝታ መዝገብ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። በዚህ መካከል ባለቤቱ ቀስ ብሎ "ከተዘረፈው ጋር ያልነበረውም ይዘረፍ" ይላል። የተጎዳ ሰው ነው፤ እውነትም ተዘርፏል። ሂሳብ ሠራተኛውም ራሱ ተፈናቅሎ የተመለሰ ነው። ይህን ታሪክ በሄንዝ ቦታ ተክተን፣ ሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ አንድ ሌላ ባለሙያ እንዲናገር ጠየቅን። ሰዎች እስኪመሽ አወሩ። ከሁሉም መሣሪያዎቻችን የተሻለው ይህ ነበር፤ የተገኘውም ከየትኛውም ጆርናል አይደለም።

ከጥናቱ የወጣው ሰው

ከቃለ ምልልሶቹ አንዱ ሳያልቅ ቀረ። ተጠያቂው የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ነው። ስለ ሌላው ባለሙያ መናገር ጀምሮ በመካከል "መምህር፣ እኔ ነኝ" አለ። ቀጣሪው ሁለት መዝገብ ያስይዘዋል፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለገቢዎች። የዓመቱን መግለጫ በሚቀጥለው ሳምንት ሊፈርም ነው። ቅጂዎቹንም በቦርሳው ይዟቸዋል።

መምህሩ ቅጂዎቹን አላዩም። ማስታወሻ ደብተሩን ዘግተው፣ ከአሁን በኋላ የምንነጋገረው ጥናት አይደለም አሉት፤ የተባለውም ሁሉ ከመረጃው ወጣ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ምስጢር ጠባቂ ተመራማሪም መካሪ መምህርም ሊሆን አይችልም የሚል አቋም ነበራቸው። እኔ በወቅቱ አልተስማማሁም፤ ከጥናቱ ሁሉ ከባዱን ገጽ እንደጣሉት ተሰማኝ። አሁን በግማሽ ልብ ተስማምቻለሁ።

ከዚያ ደንቡን አብረው አነበቡ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ደንብ ክፍል፣ የሂሳብ ባለሙያ የሕግ ጥሰት ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ይዘረዝራል፤ ጉዳዩን መረዳት፣ ለቅርብ አለቃ ከዚያም ለበላይ ማንሣት፣ ያደረገውን በጽሑፍ መያዝ፣ አስፈላጊ ሲሆን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ወይም ሥራውን መልቀቅ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ንም አነበቡ፤ ጥበቃው ለማንኛውም ጉዳይ የሚሰጥ አለመሆኑንም አዩ። ደንቡ "ለበላይ አንሣ" ይላል። ባለቤቱ ራሱ የበላይ በሆነበት ድርጅት ከእሱ በላይ ያለው ጣሪያው ነው።

ተማሪው ለባለቤቱ ነገረው፤ አልፈርምም አለ። በሳምንቱ ሌላ ሰው ፈረመ። እሱ ለብዙ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ የቤት ኪራዩን ታላቅ እህቱ ከፈለችለት። መምህሩም ሁለት ቦታ ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር፤ አልተሳካም። በኋላ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ጓደኛው ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ መያዝ ጀመረ። ገቢው ከቀድሞው ደመወዙ እንደሚያንስ ይናገራል።

ምኑ ያዘ፣ ምኑ አልያዘም

የዝርዝሩ ዘዴ ሰዎችን አላስፈራም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል። የእኛ ናሙና ትንሽ ስለነበር ልዩነቱ ከአጋጣሚ ተለይቶ የሚነበብ አልሆነም። የወጣውን ቁጥር እዚህ የማላሰፍረውም ለዚህ ነው፤ ነገ "በደሴ ከአሥር ይህን ያህሉ" ተብሎ ይጠቀሳል። ሌላም ጉድለት አገኘንበት። አምስቱንም ያደረገ ሰው "አምስት" ሲል ራሱን ያጋልጣል። ከአራቱ ነገሮች ቢያንስ አንዱ ብዙ ሰው የማያደርገው መሆን ነበረበት፤ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

የፖኔሞን ጥያቄ፣ ሹመት ሲጨምር ግብረ ገብ ያንሳል ወይ የሚለው፣ ያለ መልስ ቀረ። ኃላፊዎቹ ስለ ሌላው ባለሙያ በነፃነት ቢያወሩም ለዝርዝሩ ወረቀት ጊዜ የላቸውም አሉ።

በማስተማር በኩል የተደረገው ትንሽ ለውጥ ግን ጸንቷል። የሥነ ምግባሩ ምዕራፍ ከመጨረሻ ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጣ። ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ከመምረጥ ይልቅ የሚናገሩትን ቃል ይለማመዳሉ። አንዱ ነጋዴ ይሆናል፣ አንዱ ሂሳብ ሠራተኛ፤ ደረሰኙን አልመዘግብም ማለት በክፍል ውስጥ እንኳ እንዴት ምላስ እንደሚያስር ያኔ ያዩታል። በአማርኛ እንዲሆን መምህሩ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ነጋዴው በእንግሊዝኛ አይመጣምና።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

መጠይቅ ለሚበትን ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚመለስ እንዲያስብ ነው። ጥያቄዎቹን ስናሻሽል ወራት ፈጀን፤ ያበላሸን ግን ፖስታው ነበር። ኋላ ላይ የተጠቀምነው የተቆለፈ የካርቶን ሣጥን ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ውጭ፣ ሠራተኞቹ ቡና በሚጠጡበት ቤት የተቀመጠ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስምና ቁጥር የሚያገናኝ ዝርዝር ባይኖር ይሻላል። የግድ ከሆነ ከማስታወሻው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደር። ጦርነት ባይመጣ እንኳ ቤት ይፈሳል፣ ቢሮ ይቀየራል፣ ጥበቃ ይለወጣል።

የውጭ መለኪያ ሲተረጎም ደግሞ ቋንቋው ብቻ አይበቃም። ሽማግሌና እድር ባለበት አገር ብቻውን የሚወስን ሰው ታሪክ እንግዳ ነው። መልሱ ከምርጫው ውጭ ሲሆን ተጠያቂውን ከማረም ምርጫውን ማረም ይቀላል፤ እኛ ይህን ለማመን ግማሽ ዓመት ፈጅቶብናል።

ከአጎትየው ሱቅ የመጣውን ደንብም መምህሩ ወደ ምርምር አዛውረውታል። ቃለ ምልልስ ሲያልቅ የጻፉትን ለተናጋሪው ያነቡለታል፤ እያየ ያልተጻፈ ነገር አይገባም። አንዳንዱ ያወጣል፣ አንዳንዱ ይጨምራል። የሚጨምረው ይበዛል።

ማዕረጉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ዘግይቶ ተሰጠ። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሳምንት ክፍለ ጊዜ የቀድሞ ተማሪያቸውን ጋብዘው ታሪኩን ለክፍሉ አስነገሩት። ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች፦ "ባለቤቱስ ምን ሆነ?"

"ሥራው ላይ ነው" አላት። "ባለፈው ሳምንት ሐረጎ ላይ መኪናዬ ተበላሽቶ በሱ መኪና ነው የመጣሁት።"